የታካሚ ካርዳችን ኮምፒውተር ውስጥ ተቆልፎብናል፤ ጎንደር ውስጥ ይህን ነገር የሚያውቅ ጠበቃ አለ?

ማራኪ_ክሊኒክ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ማራኪ አካባቢ መካከለኛ ክሊኒክ አለን። የታካሚ ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ካዞርን ቆይተናል። ፕሮግራሙን ያስገባልን አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው። ነገሩ ገና ስላላለቀ ስሙን አልጠራም።

ዘንድሮ ዓመታዊ ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አድርገው ላኩልኝ። «ይሄን አልችልም፣ ሌላ ፕሮግራም ላስገባ ነው፣ የታካሚዎቼን መረጃ አውጥታችሁ ስጡኝ» አልኳቸው። «መረጃ ማውጣት ራሱን የቻለ አገልግሎት ነው» ብለው ዋጋ ጠሩ። የጠሩት ዋጋ አዲስ ፕሮግራም ይገዛል! እስከ ወሩ መጨረሻ ካልከፈልኩ ደግሞ ሲስተሙ «ማንበብ ብቻ» ይሆናል፣ አዲስ ታካሚ መመዝገብ አይቻልም ማለት ነው።

ውሉ አራት ገጽ ነው፣ ግማሹ እንግሊዝኛ። ስለ መረጃው የሚያወራው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ሲስተሙና በውስጡ ያሉ ክፍሎች በሙሉ የአቅራቢው ንብረት ናቸው» ይላል።

ይቺ መስመር የታካሚዎቼን ካርድ የእነሱ ታደርገዋለች ወይ? ደግሞስ ወደ ማን ልሂድ? የማውቃቸው ጠበቆች የመሬት፣ የውርስና የፍቺ ናቸው። አንዱ ጉዳዩን ጨርሼ ካስረዳሁት በኋላ «እስኪ ዕቃውን ይዘኸው ናና ልየው» አለኝ።

ጠበቃው_ከአራዳ

«ዕቃውን ይዘኸው ና» ያለውን ሰውዬ ያወቅኩት መሰለኝ። ይቅር።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሁለት ነገር ለይተህ ያዝ። ፕሮግራሙ አንድ ነገር ነው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ የገባው የታካሚ መረጃ ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ የእነሱ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ድርሰት ይጠብቀዋል። እሱን አትንካ። ነገር ግን የወይዘሮ እንትና የደም ግፊት ልኬት የፕሮግራመሩ ድርሰት አይደለም። ነርሷ ለክታ የጻፈችው ነው።

«በውስጡ ያሉ ክፍሎች» የሚለው ሐረግ ሞጁሎችን፣ ማለትም የፕሮግራሙን የራሱን ክፍሎች፣ ማለት ሊሆን ይችላል፣ መረጃውንም ማለት ሊሆን ይችላል። አጠራጣሪ ነው። ውሉን አዘጋጅተው ያመጡት እነሱ ከሆኑ፣ ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጡት ያው ወረቀት ከሆነ ደግሞ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1738 ለአንተ ይሠራል። እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ቃል ሲያጠራጥር የሚተረጎመው ባዘጋጀው ወገን ላይ ነው።

ከዚያ በላይ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የጤና መረጃ በዚህ አዋጅ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው። መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚያዝ የምትወስነው አንተ ነህ፣ ስለዚህ ኃላፊው አንተ ነህ። እነሱ በአንተ ትእዛዝ የሚሠሩ ናቸው። በትእዛዝህ የሚሠራ ሰው መረጃህን መያዣ አድርጎ ገንዘብ ሲጠይቅህ ዝም ብለህ የምትሰማው ነገር አይደለም።

አሁኑኑ የምታደርገው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው። ስልክ ላይ መጨቃጨቅ ይቅር። የፍትሐ ብሔር ቁጥር 1772 እንደሚለው፣ ውል አልተፈጸመልኝም ብለህ ከመክሰስህ በፊት ሌላው ወገን ግዴታውን እንዲፈጽም ማስጠንቀቅ አለብህ። ቀን ቁረጥላቸው። ምን እንደምትፈልግ ቁልጭ አድርገህ ጻፍ፦ ሙሉ መረጃው፣ በሚነበብ ቅርጽ፣ እስከዚህ ቀን። ሲስተሙን ሊዘጉ ከሆነ ደግሞ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 154 እና 155 የእግድ ትእዛዝ የሚጠየቅበት መንገድ አለ።

ካርድ_ክፍል_እህታችሁ

ጠበቃው ያለውን እሱ ያውቃል። እኔ ካርድ ክፍል የሠራሁበት ልምድ ነው ያለኝ። ሕጉ እስኪያልቅ ታካሚ አይጠብቅህም። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአስም፣ የሚጥል በሽታ ክትትል ያላቸውን ዛሬውኑ አትም። እርጉዞችንም ጨምር። የመጨረሻ መድኃኒታቸው፣ መጠኑ፣ አለርጂ ካላቸው አለርጂው፣ ቀጣይ ቀጠሮ። አንድ አንድ ገጽ ይበቃል። ሁሉንም ላትም ካልክ ወረቀቱም ቀለሙም አይችልህም።

ኮድ_ጎንደሬ

ሰርቨሩ የት ነው ያለው? እዚያው ክሊኒኩ ከሆነ ምን አስጨነቀህ። ዛሬ ማታ መጥቼ ፓስወርዱን ሰብሬ ዳታቤዙን ልቅዳልህ። አብዛኛው የእነሱ ሲስተም መረጃ የሚያስቀምጠው ማይኤስኪውኤል በሚባል ፕሮግራም ነው።

ጠበቃው_ከአራዳ

ኧረ ተው ጎንደሬው! የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ መግባትን ወንጀል አድርጎታል። ኮምፒውተሩ የእሱ ስለሆነ ብዙ የሚያከራክር ነገር አለው፣ እኔም ብከራከርለት ደስ ይለኛል። ግን ዛሬ ንጹሕ ሆኖ የቆመውን ሰው ነገ ተከሳሽ ማድረግ ምን ይባላል? እነሱም የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው፤ «ሲስተማችንን ሰበረብን» ብለው አጀንዳውን ይቀይሩታል።

ባለቤቱ ራሱ በተሰጠው የአስተዳዳሪ መለያ ገብቶ ፕሮግራሙ ላይ ያለውን የመጠባበቂያ ቅጂ ቁልፍ ቢጫን ግን ማንም ምንም አይለውም። መጀመሪያ እሱን ሞክሩ።

ማራኪ_ክሊኒክ

ሰርቨሩ እኛው ጋ ነው። በፊት ክላውድ ላይ (በኢንተርኔት የሚከፈት ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ) ነበር። በነሐሴ 2015 የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሐኪሙ ታካሚ አስቀምጦ ካርድ መክፈት አቃተው። ያኔ ነው «ወደዚህ አምጡልን» ያልናቸው። የመጠባበቂያ ቁልፉን ተጫንኩት፣ አንድ ፋይል ያወጣል። ግን የተመሰጠረ ነው፣ ከእነሱ ፕሮግራም ውጭ አይከፈትም።

እህታችን፣ ማተሙን ጀምረናል። እግዜር ይስጥልን።

አዘዞ_ፋርማሲ

ስለ እንግሊዝኛው ግማሽ ልጠይቅህ። «ሂፓ» የሚል ቃል አለው? ለእኛ ያመጡት ውል ሦስት ቦታ ላይ «አቅራቢው ሂፓን ያከብራል» ይላል። ትልቅ ነገር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ማራኪ_ክሊኒክ

አለው! እንዲያውም መጨረሻው ላይ ክርክር ከተነሳ በካሊፎርኒያ ሕግ ይዳኛል ይላል። ጎንደርና አዲስ አበባ ተካሰን ካሊፎርኒያ?

ኢንፎርማቲክስ_መምህር

ይሄ የኮፒ ፔስት ውጤት ነው፣ በየቦታው አየዋለሁ። ሂፓ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ። እዚያ ያሉ ሆስፒታሎችን፣ መድን ሰጪዎችንና ለእነሱ የሚሠሩ ድርጅቶችን ነው የሚገዛው። ማራኪ ያለ ክሊኒክ ላይ ሥልጣን የለውም። አቅራቢው «አከብራለሁ» ብሎ በውል ቃል ከገባ ግን ቃሉ በውልነቱ ሊያስጠይቀው ይችላል፣ ይሄን ጠበቃው ያርመኝ።

የሚያስቀው፣ የአሜሪካን ሕግ ከቀዱ አይቀር የማይመቻቸውን ትተውታል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ «ኪዩርስ አክት» የሚባል ሕግ አላቸው። የታካሚ መረጃ እንዳይንቀሳቀስ ማገድን ይከለክላል። ዝርዝር ደንቡ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ሶፍትዌር ሠሪው ይህን ከጣሰ ለእያንዳንዱ ጥሰት እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ማራኪ ላይ የተደረገው ነገር እዚያ ቢደረግ ጉዳዩ በስልክ ጭቅጭቅ አያልቅም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ፕሮግራሙ ከኦፕንኤምአርኤስ ወይም ከባህምኒ ላይ የተሠራ እንደሆነ ጠይቁ። ሁለቱም ክፍት ምንጭ፣ ማለትም ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ የታካሚ መዝገብ ፕሮግራሞች ናቸው። ባህምኒ የወጣበት ፈቃድ ኤጂፒኤል 3 ነው። ይህ ፈቃድ ፕሮግራሙን አሻሽለህ ለሰው በኔትዎርክ ካስጠቀምክ ያሻሻልከውን ምንጭ ኮድ ለተጠቃሚው እንድታቀርብ ያስገድዳል። «ሙሉ በሙሉ የእኛ ፈጠራ» ብለው የሚሸጡትን ስትከፍተው የባህምኒ ገጽ ቁጭ ብሎ ታገኘዋለህ። እንደዚያ ከሆነ የመረጃው አቀማመጥ ዓለም የሚያውቀው ነው፣ «የእኛ ልዩ ቅርጽ» የሚባል ጨዋታ የለም።

ሻጭም_ሰው_ነው

ሁላችሁም አቅራቢው ላይ ወረዳችሁበት፣ የእኛንም ስሙ። እኔ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር እሠራለሁ፣ የዚያ ድርጅት ሰው ግን አይደለሁም።

መረጃ ማውጣት ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ አይደለም። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ታገኘዋለህ፦ አንዴ «ፀሐይ ኃይሉ»፣ አንዴ «ጸሀይ ሀይሉ»፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ፊደል። ስልክ ቁጥር ቦታ ላይ «የጎረቤት» ተብሎ ይጻፋል። ከደንበኛ ገንዘብ ማስወጣትም ሌላ ፈተና ነው። «ነገ» እየተባልን ዓመት እንጨርሳለን። መቆለፍ የምንጀምረው ሌላ መንገድ ስናጣ ነው።

ጠበቃው_ከአራዳ

ይሄ ፍትሐዊ ነው። የማውጣት ሥራ ዋጋ ይኑረው፣ ማንም በነጻ አይሥራ። ዋጋው ግን የሚቆረጠው ውሉ ሲፈረም ነው። ሠርጉ ላይ ቆጥረህ ያልሰጠኸውን ጥሎሽ ፍቺው ላይ አትጠይቅም። ያልተከፈለህ ደንበኛ ካለም ሂሳቡን ክሰስ፣ የታካሚን ካርድ ግን መያዣ አታድርግ። ታካሚው ያንተን ውል አልፈረመም።

መምህር፣ ስለ ሂፓ ያልከው ልክ ነው። ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ቁጥር 1731። «እንደ ሂፓ እጠብቃለሁ» ብሎ ከፈረመ ያንን ልክ ልንጠይቀው እንችላለን። የካሊፎርኒያው ነገር ግን ለሁለቱም ወገን መቀለጃ ነው።

ቀበሌ_18

ልጠይቅ እንጂ፣ ከኮምፒውተር የታተመ ካርድ ፍርድ ቤት ይቀበላል? በድብደባ ጉዳይ ፖሊስ የሕክምና ማስረጃ ሲጠይቅ የእኛ ሰዎች አሁንም ከወረቀት ካርድ ይገለብጣሉ።

ጠበቃው_ከአራዳ

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤቱ እንዳይነፈገው አድርጓል። ዲጂታል ፊርማን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ። ፍርድ ቤት ውስጥ የሚያጣላው ሌላ ነው። «ይሄን ማን ጻፈው? በኋላ አልተቀየረም?» ይባላል። ሲስተሙ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግብ ካልሆነ፣ ወይም ሁሉም ሠራተኛ በአንድ ስም የሚገባ ከሆነ፣ መልስ የለህም።

አንዲት_ታካሚ_ከፒያሳ

እስካሁን ሳነብ ክሊኒኩና ሻጩ ስለ እኔ ካርድ ሲጣሉ ነው ያየሁት። እኔንስ የጠየቀኝ አለ? ባለፈው አንድ ክሊኒክ (ማራኪ ያለው አይደለም) ካርድ ለማውጣት ወረፋ ቆሜ ነበር። ኮምፒውተሩ ወደ ሰው ዞሯል። ከእኔ ፊት ያለችው ልጅ ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣችበት ምክንያት ሁሉ ይነበባል። ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ፓስወርዱ በፕላስተር ተለጥፏል። እኔ አንብቤዋለሁ፣ ከኋላዬ ያሉትም አንብበውታል። ጎንደር ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ሁሉም ሰው ዘመድ ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

ካርድ_ክፍል_እህታችሁ

እውነቷን ነው። እኛም ጋ ነበር። ስክሪኑን ማዞር ብር አይጠይቅም።

ጠበቃው_ከአራዳ

እህቴ፣ መብትሽ ከሁሉም በላይ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት መከበርን አስቀምጧል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ አዋላጅ፣ ነርስ፣ የእነሱም ረዳቶች በሥራቸው ያወቁትን ምስጢር ቢያወጡ እንዲቀጡ ያደርጋል። የሚያስከስሰው የተጎዳው ሰው ሲያመለክት ነው። በ1321/2016 አዋጅ መሠረት ደግሞ ስለ አንቺ ምን መረጃ እንደተያዘ መጠየቅ፣ የተሳሳተውን ማስተካከል ትችያለሽ። የማስፈጸም ሥልጣኑ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ሰው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትን ነጻ የሕግ ድጋፍ ይጠይቅ። ማራኪ ላለው ወንድማችን ግን እሱ አይሆንም፣ አቅም ለሌለው የተዘጋጀ ነው።

ክሊኒኮች ስሙኝ። መረጃ ከወጣባችሁ ለባለሥልጣኑ ማሳወቂያው ጊዜ 72 ሰዓት ነው። አቅራቢያችሁ መሰበሩን አውቆ ሳምንት ዝም ቢላችሁ እናንተ ናችሁ የምትጠየቁት። ስለዚህ «ባወቅህ ጊዜ ወዲያው ንገረኝ» የሚል ቃል፣ ሰዓት ተቆርጦለት፣ ውሉ ውስጥ ይግባ። የአቅራቢው ቴክኒሻን በርቀት ገብቶ ሲያስተካክል ማን እንደሆነና ምን እንዳየ ይመዝገብ። ሚስጥር ጠባቂነት ላይም ይፈርም።

አዘዞ_ፋርማሲ

ጠበቃችን፣ እንደዚህ ያለ ውል ለማየት ስንት ትጠይቃለህ? አታፍርም ብዬ ነው።

ጠበቃው_ከአራዳ

እዚህ ዋጋ አልለጥፍም፣ ጠበቃ ማስታወቂያ የሚሠራ ያስመስላል። ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ጋ ስትሄዱ ጠበቃውን ለብቻው አታስቀምጡት። ኮምፒውተሩን የሚያውቅ ሰው ጎኑ ይቀመጥ። ጠበቃው «ሙሉ መረጃ» ብሎ ይጽፋል፣ ኮምፒውተሩን የሚያውቀው «የራጅ ምስሎቹስ? የላቦራቶሪ ውጤቱስ? ማን እንደነካው የሚያሳየው መዝገብስ?» ብሎ ይጠይቃል። ውል የሚበላሸው እዚያ መሐል ላይ ነው። ፈቃዱ ለየትኛው ፍርድ ቤት እንደሆነም ጠይቁት። የክልል ፈቃድ ይዞ አዲስ አበባ ፌዴራል ፍርድ ቤት አይቆምላችሁም። ውሉ ላይ ክርክሩ በግልግል ይታይ ከተባለ አዋጅ 1237/2013 አለ፣ ግን ቦታውን ጎንደር አድርጉት። አለዚያ የአውሮፕላኑ ትኬት ከክርክሩ ይበልጣል።

የመብራትና የኢንተርኔት ነገርም አይረሳ። አቅራቢው «ከአቅም በላይ ነው» ብሎ በፍትሐ ብሔር ቁጥር 1792 ሊከራከር ይችላል። ኔትዎርክ ሲጠፋ ሲስተሙ እዚያው መሥራት አለበት የሚል ቃል ካለ ግን ቀድሞ የታሰበ ነገር ነው፣ እሱን ምክንያት ማድረግ ይከብደዋል።

ማራኪ_ክሊኒክ

ቆየሁባችሁ። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ጠበቃ ያዝኩ። አዎ፣ ከዚሁ ከተማ። 1772ን፣ 1738ን፣ አዋጅ 1321ን ጠቅሶ ቀን ቆረጠላቸው፣ በፖስታም በኢሜልም ላከ። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደወለ፣ ድምፁ ተለውጧል። «ወንድሜ፣ በመነጋገር እንፍታው እንጂ ሕግ ምን አስፈለገ» አለኝ። ልኩን የያዘ የማውጫ ክፍያ ተስማማን። ሲስተሙም ርክክቡ እስኪያልቅ አይዘጋም፣ ይሄ በጽሑፍ ነው።

ናሙና ፋይል ላኩልኝ። በኤክሴል ስከፍተው አማርኛው በሙሉ የማይነበብ ምልክት ሆነ። የልደት ቀናቸው ባዶ የሆኑ ታካሚዎችም አሉ። ያታልሉኛል?

ኮድ_ጎንደሬ

የመጀመሪያው ማታለል አይደለም። ፋይሉ የተጻፈው ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ ነው፣ ኤክሴል ሲከፍተው አላወቀውም። ሁለቴ ጠቅ አታድርገው፣ ባዶ ገጽ ክፈትና ከዳታ ሜኑ «ከጽሑፍ ፋይል አስገባ» በለው፣ ሲጠይቅህ ዩቲኤፍ 8 ምረጥ። ፊደሉ ይመለሳል።

ባዶ የሆኑት ልደቶች ግን እስኪ ተመልከታቸው። ሲስተሙ ላይ ስትከፍታቸው ጳጉሜን ወይም ጥቅምት መጨረሻ የተወለዱ ናቸው?

ማራኪ_ክሊኒክ

አንተ ጠንቋይ ነህ እንዴ! ሁሉም ጳጉሜን፣ ወይም ጥቅምት 29 እና 30።

ኮድ_ጎንደሬ

ሲያወጡት የኢትዮጵያን ቀን እንደ ፈረንጅ ቀን ቆጥረውታል። ለፈረንጁ 13ኛ ወር የለም፣ ስለዚህ ጳጉሜን ተጣለ። ጥቅምት 2ኛ ወር ነው፣ የእነሱ 2ኛ ወር ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም፣ 29ም ያለው በአራት ዓመት አንዴ ነው። ያ ትንሹ ችግር ነው። የቀሩትስ? 2014 የተወለደ ሕፃን እንደ ፈረንጅ 2014 ከገባ አዲሱ ፕሮግራም ላይ ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምርለታል። የመድኃኒት መጠን በዕድሜ የሚያሰላ ሲስተም ከሆነ የሕፃኑን መጠን ለትልቅ ልጅ አድርጎ ይጽፍልሃል።

ካርድ_ክፍል_እህታችሁ

በስመ አብ።

ጠበቃው_ከአራዳ

ስለዚህ የርክክብ ሰነዱን ገና አትፈርም። «ተረክቤአለሁ» ካልክ በኋላ የሚመጣው ስህተት ያንተ ነው ይሉሃል። ስምምነቱ ላይ ማስተካከያ ጨምር፦ ቀኖቹ በሁለቱም አቆጣጠር ለየብቻ ይውጡ፣ የታካሚው ብዛት ከሲስተሙ ጋር ይመሳከር፣ እናንተ ከመረጣችኋቸው ካርዶች ጋር ሐኪም ቁጭ ብሎ ያስተያይ። ቀሪ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይሁን። አሮጌው ሲስተምም እስከዚያ ክፍት ይቆይ። አለቀ ሲባል ደግሞ እነሱ ጋ የቀረውን ቅጂ ማጥፋታቸውን በደብዳቤ ያረጋግጡልህ፣ ክላውድ ላይ የነበረውን የድሮውን ጨምሮ።

ማራኪ_ክሊኒክ

የክላውዱን ረስቼው ነበር። ነገ ደብዳቤው ላይ ይጨመራል። ከአዲሱ አቅራቢ ጋር የምፈርመውን ውል ጎንደሬው ከጠበቃዬ ጋር ቁጭ ብሎ ቢያይልኝ ምን ያስከፍለኛል?

ኮድ_ጎንደሬ

ምሳ አብላኝ። ሌላውን ስንገናኝ እንነጋገራለን።